የተለቀለቀው ምሰሶ

የማሬ አውራ ጣት እንጨቱ ውስጥ ገባ።

በጓሮ በኩል ያለውን ግድግዳ እየመረገች ነበር። አሮጌው ጭቃ በረገፈበት ላይ አዲሱን ለጥፋ፣ ቋሚውን ተደግፋ ጫን ስትል እንጨቱ እንደ ተቀቀለ ዱባ ለቀቃት። ጣቷን ስትመዘው ቡናማ ዱቄት ተከትሎ ፈሰሰ። ከዱቄቱ ጋር ምስጦች ወጡና በእርጥቡ ጭቃ ላይ መውጫው ጠፍቷቸው ይራወጡ ጀመር።

ቀጥሎ ያለውን ቋሚ ነካችው። እሱም ያው ነው። ሦስተኛውም እንደዚያው። አራተኛው ላይ ስትደርስ ጥፍሯ ተመለሰ፤ እሱ ጥድ ነው፣ እንደ ድንጋይ የጠና።

«ምን ታንኳኪያለሽ? በሩ እኮ በወዲያ በኩል ነው» አለ ከኋላዋ የአባቷ ታናሽ ወንድም የሽዋስ። ከጭቃው ጋር የሚቦካ የጤፍ ጭድ ተሸክሞ መምጣቱ ነበር።

«አያ፣ ና ይኼን እይ።»

የሽዋስ ጎንበስ ብሎ አየ። ለወትሮው ለሁሉ ነገር ቀልድ የማያጣው ሰው ጭዱን እንደ ተሸከመ ወደ ወንዙ መንገድ ዞሮ አየ።

«እናትሽ አይታዋለች?»

«አላየችም። ነጭ አፈር ልትቆፍር ወንዝ ወርዳለች።»

«እንግዲያ ድፈኚው።»

«አባቴ ቤቱ ሁሉ ጥድ ነው ይል አልነበር?»

«አባትሽ ያቆመው ሁሉ ጥድ ነው። እነዚህን ያቆምኳቸው እኔ ነኝ።» ጭዱን መሬት ጣለው። «አምና ወታደሮች ጠመንጃ ፍለጋ መጥተው ግድግዳውን ሲገነጥሉት እናንተ ገደል ሥር ተሸሽጋችሁ ነበር። ዝናቡ ደግሞ ደርሷል። ጥድ ከየት ላምጣ? ጣሊያን ለምሽጉ ብሎ ጫካውን ላጭቶታል። ብሳና ቆረጥኩና ዘጋሁት። ምስጥ ደግሞ ብሳና ካገኘ ዘመድ አዝማዱን ጠርቶ ነው የሚመጣ።»

«ለእማ ንገራታ።»

«ምን ብዬ? ከሽሽት ስትመለስ ግድግዳው ቆሞ አግኝታ እጄን ስማኛለች እኮ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ ማሬ። ቤቱን የሚገዙት ሰዎች የሚመጡት ከነገ ወዲያ ነው። እነሱ በሬ አላቸው፣ እኛ በሬ የለንም። እናትሽን ደግሞ ሐዘኗ ይበቃታል። አንቺ ብቻ ለስኚው። እጅሽ እንደ ሆነ የእናትሽ እጅ ነው፤ አንቺ የለሰንሽውን እንኳን ሰው ምስጡም አይለየው።»

ማሬ በአሥራ አራት ዓመቷ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና ሰምታ አታውቅም። ጭቃውን ከጭዱ ጋር አሸችና ቀዳዳውን ደፈነችው።

በእነ ማሬ አገር መሬት አይሸጥም፤ ርስት ነው። ቤት ግን ይሸጣል። ገዢው ሰው አስከትሎ ይመጣል፣ ክዳኑን ይገልጣል፣ ጭቃውን ያረግፋል፣ እንጨቱን ነቃቅሎ በትከሻ ተሸክሞ ወደ መንደሩ ይወስደዋል። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ከገባ ሦስተኛው ዓመት ነበር። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ብዙ ነው፤ የሚቆረጥ ጥድ ግን የለም።

እንዳላማው የሚባለው የማሬ አባት ጣሊያንን ሊወጋ ዱር ገብቶ እዚያው ቀረ። ሞቱ በመስከረም ተሰማ፤ የተቀበረበትን ያየ የለም። ከሁለቱ በሬዎቹ አንዱን ወታደሮች አርደው በሉት፤ የቀረው ቦራ ብቻውን ነው። በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም። ክረምቱ ሳይገባ ሁለተኛ በሬ ካልተገኘ መሬቱ ጦሙን ያድራል፣ ካልሆነም ለሌላ አራሽ ይሰጣል። አንዴ በሌላ ሰው እጅ የገባ መሬት ባሏ ለሞተባት ሴት በቀላሉ አይመለስም።

እናቷ ሽታዬ ይኼን ነገር ስታወጣ ስታወርድ ከረመችና አንድ ጧት ወሰነች።

«ቤቱ ይሂድ፣ መሬቱ ይቅር። ለእኛ ጓሮ ያለችው ጎጆ ትበቃናለች።»

ወዲያው ሰው ተጠየቀ፤ ወደ ቁይ በሚወስደው መንገድ ግማሽ ቀን ከሚያስኬድ መንደር ቢተው የሚባል ገበሬ ተገኘ። ትርፍ በሬ አለው፣ ቤት የለውም።

ማሬን የገረማት ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። እናቷ የሚፈርሰውን ቤት መለሰን ጀመረች።

«ሽታዬ» አላት የሽዋስ፣ «ሰውዬው የሚገዛው እንጨት ነው። ጭቃውን ተሸክሞት አይሄድ። ለማን ብለሽ ነው የምትደክሚው?»

«ለቤቱ።»

«ቤቱ ምን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ። ሰው እንዳላማው ካቆመው ቤት ገብቶ ‹አዬ፣ ምስኪኖች› እያለ፣ ከንፈሩን እየመጠጠ አይወጣም።» ከዚያ ፈገግ አለች። «ደግሞስ ሙሽራ ከቤት ልትወጣ ስትል ትታጠብ የለ?»

የሽዋስ ጭድ ሊያመጣ ሄደ።

ሽታዬ ስትለስን ማየት ነበር። እጇ አይቸኩልም፤ ግን የሚቆምበት ጊዜም የለም። ጭቃው ከመዳፏ ሲወጣ ግድግዳው ጠጥቶ የሚያስቀረው ይመስላል፣ መሬት ላይ አይንጠባጠብም። ሌሎች ሴቶች ስንጥቅ ያለበትን ቦታ እየደጋገሙ ያሹታል። እሷ ግን አንዴ ታየዋለች፣ አንዴ ትዳስሰዋለች፣ በቃ፣ አልቋል። ከወንዝ ያመጣችውን ነጭ አፈር በጥብጣና በጨርቅ አጥልላ ስትቀባው ያ በጭስ የጠቆረ ቤት ቀስ በቀስ እየበራ መጣ። በመጨረሻ ከበሩ ግራና ቀኝ በጣቶቿ ጫፍ እንደ ወራጅ ውኃ የተጠማዘዘ መስመር ጎተተች። ባሏ ከሞተ ወዲህ እጇ ለጌጥ ሲንቀሳቀስ ማሬ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። ሐዘንተኛ ሲበረታ ማየት ልብን ያሞቃል፤ ትንሽም ያስፈራል። ማሬ ሥራዋን ትታ ቆማ አየቻት።

ሽታዬ የውስጡን ስትጨርስ ወደ ጓሮ ዞረች። ማሬ ተከተለቻት። እናቷ በአዲሱ ልስን ላይ መዳፏን ከዳር እስከ ዳር አሳለፈች፤ ብሳናዎቹ ባሉበትም ላይ አለፈች።

«ይኼን አንቺ ነሽ የለሰንሽው?»

«አዎ።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

ሽታዬ የልጇን ጭቃ የያዘ እጅ አንስታ ገልብጣ አየችው። «በአንቺ ዕድሜ ሳለሁ እኔ እንዲህ አልችልም ነበር» አለች።

ያን ዕለት ማሬ የቀረበላትን እራት ነካክታ ተወችው።

በማግስቱ ሽታዬ ጥቁር የሐዘን ልብሷን ልትለውጥ ቆረጠች። ከሣጥን ነጭ ቀሚስና ነጠላ አወጣች።

«እማ፣ ሐዘኑ ሳያልቅ?»

«ጥቁር ለብሼ ብቀበለው ሰውዬው በሬውን ለእዝን ያመጣ መስሎት ሊያለቅስ ነው። ሐዘኔን አልሸጥለት፣ እኔ ዘንድ ይቆየኝ።» ልብሱን ጠቅልላ ተነሣች። «ወንዝ ወርጄ አጥቤው፣ ሣር ላይ አስጥቼው፣ ለብሼው እመጣለሁ። አንቺ ደጁን ጥረጊ። ሌላ ሥራ የለብሽም።»

ማሬ ደጁን ጠረገች። ከዚያ ቤት ገባች። ነጩ ግድግዳ ዙሪያውን ይስቃል። መካከል ላይ ግን ምሰሶው ቆሟል፣ በዘመን ጭስ የጠቆረ፣ ሠርግ ቤት የገባ ከሰል ሻጭ መስሎ። በገንቦ ውስጥ የተበጠበጠ ነጭ አፈር ተርፏል። ምሰሶው ቢነጣ ቤቱ ምን ያህል ያምር ነበር። ደግሞም፣ አለች በልቧ፣ እንግዶቹ ሲገቡ ዓይናቸው ያረፈበት ነገር መካከሉ ላይ ከሆነ ጓሮውን የሚያይ አይኖርም።

ክንዷ እስኪዝል ቀባችው። እጇ እስከሚደርስበት ነጭ፣ ከዚያ በላይ ጥቁር ሆነ። የሽዋስ ሲገባ ወንበር ላይ ቆሞ እንዲጨርስላት ልትለምነው እያሰበች ሳለ ከደጅ ሰው ሲጣራ ሰማች።

«ቤቶች፣ እንዴት አደራችሁ?»

ገዢዎቹ ከነገ በፊት የሚመጡ አልነበሩም። በአጥሩ በር ሽበታም ሰውዬና ሚስቱ ቆመዋል፤ ከኋላቸው አመድማ በሬ ታስሯል። ሰውዬው፣ «ነገ በመንገዱ ወታደር ያልፋል ስለ ተባለ ነው ዛሬ የደረስንባችሁ» አለ። ሽታዬ ደግሞ በዚያው ቅጽበት ከወንዝ በኩል ብቅ አለች፤ ነጭ ለብሳ፣ የነጠላዋ ጥለት ገና ሳይደርቅ። ማሬ እናቷ ለካ ረጅም ሴት መሆኗን ያስተዋለች ያን ጊዜ ነው።

ድምፅ ሰምቶ የደረሰው የሽዋስ በሬውን ዞሮ ዞሮ አየው። ጥርሱን አየ፣ ሻኛውን ጨበጠ፣ ጣቱን በቆዳው ላይ አሳልፎ አሸተተው።

«ቅቤ የተቀባ በሬ ዛሬ ገና አየሁ» አለ።

«እናንተ ቤቱን ስትቀቡ እኛ በሬውን ብንቀባው ምን አለበት፣ ወንድሜ?» አለች ሙሉዬ፣ የቢተው ሚስት። «ዳልቻን ሳላሳምረው እንዴት ሰው ፊት ላቁመው?»

ሁሉም ሳቁ፤ ወደ ቤት ገቡ።

ሙሉዬ ከበሩ እንዳለፈች ቆመች። ግድግዳውን ልትዳስስ እጇን ዘረጋች፤ የዳሰሰችው ግን በመዳፏ ሳይሆን በእጇ ጀርባ ነው። ማሬ አየች። የሙሉዬ ቀኝ እጅ ጣቶች ወደ ውስጥ ታጥፈው ተጣብቀዋል፣ ቆዳው ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ነው።

«ቤታችን ሲቃጠል እህል ላወጣ ብዬ ነው» አለች ሙሉዬ የማሬን ዓይን አይታ፣ የትናንት ገበያ እንደምታወራ ሁሉ። «ግማሹን አውጥቻለሁ። ልጆቼ እሱን በልተው ነው የከረሙት። አሁን በባሌ ወንድም በረት ውስጥ ነው የሚተኙት፤ ጧት ጧት ጥጃ ሸትተው ይነሣሉ።» ግድግዳውን ደግማ በእጇ ጀርባ ነካችው። «ምነው ይኼን ተሸክሞ መሄድ በተቻለ። ይኼን ማፍረስስ ነውር ነው።»

ማሬ ስለ ልጆቹ እያሰበች ሳለ ቢተው ወደ ውስጥ አለፈ፣ ምሰሶውን አየ፣ እርምጃውን ገታ። በፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ጠፋ።

«ምሰሶው ምን ሆኖ ነው?»

«ምን ሆነ?» አለች ሽታዬ። እሷም ያየችው ገና አሁን ነበር።

«እታለም፣ እኔ ብዙ ቤት አቁሜያለሁ፣ ብዙም አፍርሻለሁ። ምሰሶ ይጨሳል፣ ይጠቁራል፣ ጋሻ ይሰቀልበታል፣ እንግዳ ይደገፈዋል። ምሰሶ ጭቃ አይለብስም። የሚለቀለቀው የሚደበቅ ነገር ሲኖረው ነው።» ወደ ሚስቱ ዞረ። «ሙሉዬ፣ በሬውን ፍቺው። በጊዜ እንሂድ።»

ማሬ እኔ ነኝ ልትል አፏን ስትከፍት የእናቷ ዓይን እጆቿ ላይ አረፈ፤ እጆቿ እስከ ክርን ነጭ ናቸው። ሽታዬ ሁሉን ነገር ተረዳች። ልትቆጣት ትችል ነበር፤ ልጄ ናት ብላ ልታሳጣትም ትችል ነበር። አላደረገችውም።

«አያ ቢተው፣ ይቀመጡ። እግርዎን አሳርፈው ይሄዳሉ» አለች ረጋ ብላ።

ከእንስራው በቅል ውኃ ቀዳች። የሚጠርግ ጨርቅ በዓይኗ ፈለገች፤ በአቅራቢያዋ አልነበረም። ያኔ ያንን ወንዝ ወርዳ ያጠበችውን ነጠላ ከትከሻዋ አወረደች፣ ውኃ ውስጥ ነከረችው፣ ምሰሶውን ታጥበው ጀመር። ነጩ አፈር በቀሚሷ ላይ፣ በእግሯ ላይ ፈሰሰ። ነጠላው ጥላሸት ሆነ። ከላይ ወደ ታች፣ ዙሪያውን፣ ሳትቸኩል፣ ሕፃን እንደምታጥብ አጠበችው። በመጨረሻ ጥዱ ወጣ፤ ጥቁር፣ የሚያበራ፣ የእንዳላማው የመጥረቢያ ምልክት እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደረደረበት።

«አሁን ይዩት» አለች።

ቢተው ካራውን መዞ በጉልበቱ ወጋው። ካራው ተንሸራቶ ወደ ጎን ሄደ። ሌላ ቦታ ወጋ። ሥሩ ላይ ተንበርክኮ ወጋ። ጫፉ እንኳ አልገባም። ተነሣና መዳፉን ምሰሶው ላይ አስቀመጠ።

«ያቆመው እሱ ነው፣ የሞተው ሰው?»

«እሱ ነው።»

«ነፍሱን ይማር። እንዲህ ያለ ምሰሶ ያቆመ ሰው ቋሚ አይሰስትም። ከእንግዲህ ጭቃችሁን አልነካካም፣ ሌላውን አላይም። ስጠረጥርሽ አፈርኩ። ምሰሶውን ይዘሽ ማይልኝ፤ ቃልሽ ይበቃኛል።»

«ይበቃል እንጂ» አለ የሽዋስ ፈጠን ብሎ።

ማሬ ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች። የሆነው ነገር ገባት። እንግዳው የተጠራጠረው ደህናውን ነው፤ ደህናው ደህና ሆኖ ስለ ተገኘ የበሰበሰውን ሳያይ ሊሄድ ነው። የእሷ ጥፋት እናቷን አሳፈረ፤ አሁን ደግሞ ያው ጥፋት የሰውዬውን ዓይን ሸፈነው። ምንም ሳትናገር ብትቆም ዳልቻ ከቦራ ጋር ይጠመዳል፣ መሬቱም ይታረሳል። የሽዋስ ከቢተው ጀርባ ሆኖ አያት። ጭንቅላቱን በጣም በትንሹ ነቀነቀ፦ ተዪው።

በዚያ አገር ቤት ሲሸጥ ሻጩ ምሰሶውን በቀኝ እጁ ይዞ ይምላል። ሽታዬ እጇን በቀሚሷ አደረቀችና ምሰሶውን ያዘች።

«ይኼ ቤት እንዳላማው ያቆመው ነው» አለች። «ጥድ ነው። ምስጥ አያውቀውም። ብዋሽ የእንዳላማው አጥንት እሾህ ሆኖ...»

«እማ።»

ድምፁ እጅግ ትንሽ ነበር፤ ግን ሁሉም ሰሙት።

«አትማይ» አለች ማሬ።

የቀረውን በአፏ መናገር አቃታት። ስለዚህ ወጣች፤ ቤቱን ዞራ ወደ ጓሮ ሄደች። እነሱም ተከተሏት። ማሬ በዚያ ለስላሳ ልስን ፊት ቆመች። ከለሰነችው ሁሉ ይኼ ይበልጥ ነበር። አውራ ጣቷን አስቀመጠችና ተጫነች። ጭቃው ተሰነጠቀ፣ ወደቀ፤ ቡናማው ዱቄት እግሯ ሥር ፈሰሰ።

«ይኼኛው። ይኼም። ይኼም» አለች። «እነዚያ ጥድ ናቸው።»

ሽታዬ ከዱቄቱ ቆንጥራ በጣቶቿ መካከል አሸችው። «ብሳና» አለች። ቀስ ብላ ወደ የሽዋስ ዞረች። የሽዋስ በሬውን ያይ ነበር።

«አምና ነው» አለ። «ዝናቡ...»

«መቼ እንደ ሆነ አውቃለሁ።» ዱቄቱን ከጣቶቿ አራገፈች። «በዚያ ክረምት ልጄን ከዝናብ አስጥለህበታል። ለዚያ ሁልጊዜ አመሰግንሃለሁ። ስለ ደበቅኸኝ ግን ሰው በሌለበት እንነጋገራለን።» ከዚያ ወደ እንግዳው ዞረች፤ ቀሚሷ በነጭ አፈርና በጥላሸት ተበላሽቷል፣ አንገቷ ግን ቀጥ ብሏል። «ሳልምል ደረሰችልኝ፣ አያ ቢተው። አሁን እንደ ወደዱ ነው። ልተወው ቢሉም አልቀየምዎት።»

ቢተው ተቀመጠና ሦስቱን ቋሚዎች አንድ በአንድ በካራው ቆረቆራቸው። ሲነሣ ፊቱ የተቆጣ ሰው ፊት አልነበረም፤ የደከመው ሰው ፊት ነበር።

«ልጅሽን እግዜር ያሳድግልሽ። ግን እኔ ለሙሉ ቤት ነው ሙሉ በሬ ያመጣሁት።»

«ሙሉ በሬ ነው ያልክ?» አለች ሙሉዬ።

«ምነው?»

«ምነው ትላለህ? ልጅቱ ስትናገር ጆሮህ የት ነበር? አንተም ተናገር እንጂ።»

ቢተው ሳል ሳል አለው። በሬውን አየ፣ ሰማዩን አየ። «ዳልቻ ደህና በሬ ነው» አለ። «ጎበዝ ነው። ብቻ... ግራ እንጂ ቀኝ አይጠመድም። ቀኝ ካደረጉት ይተኛል።»

«ይተኛል?» አለ የሽዋስ።

«ትልሙ መካከል ላይ።»

የሽዋስ ፂሙን አሸ። «ቦራም የግራ በሬ ነው» አለ። «ጥሩ ነው እንግዲህ። ሁለቱ በሬዎች ግራ፣ ቤቱ ምስጥ፣ እኔ ሞኝ። እንዲህ የተስማማ ገበያ አይቼ አላውቅም።»

መጀመሪያ የሳቀችው ሽታዬ ናት። በዚያ በቆሸሸ ነጠላ አፏን ሸፍና እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ማሬ የእናቷን ሳቅ ድምፅ ረስታው ኖሯል፤ እንደ ልጅ ሳቅ ቀጭን ነው።

«አንዱን ቀኝ የምታለማምደው አንተ ነህ» አለችው ሽታዬ።

«ይገባኛል። ሰኔን ሙሉ ከበሬ ጋር ስጣላ ልከርም ነው።»

ቢተውም ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀበት። «በሬስ ይለማመዳል» አለ። «ቋሚ ከየት ይመጣል? የጓሮውን በኩል በጭራሮ አጥሬ ነው ክረምቱን የማልፈው። ጭራሮ ደግሞ ወፍራም አድርጎ የሚመርገው ሰው ካላገኘ ወንፊት ነው። በእኛ ቤት...» አረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም።

ሙሉዬ የተቃጠለ ቀኝ እጇን በነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

ዳልቻ የአጥሩን ሣር ይነጫል። ማሬ እናቷን አየቻት። ሽታዬ ልጇን አየች፣ ግን በዓይኗ እንኳ አልገፋቻትም።

«እቴ ሙሉዬ» አለች ማሬ፣ «ውኃ ከቤታችሁ ይርቃል?»

«ምንጭ አለን፣ ከደጃችን ብዙ አይርቅ። ምነው ልጄ?»

«ጭራሮ ሁለት ጊዜ መመረግ አለበት። የመጀመሪያው ደርቆ ሲሰነጣጠቅ ነው ሁለተኛው የሚደረብበት። ብዙ ውኃ ይፈጃል። ስንት ቀን እንደሚፈጅ አላውቅም። መርጌ እስክጨርስ እናንተው ዘንድ አድራለሁ። ከልጆቹ ጋር በረቱ ውስጥ ብተኛም ግድ የለኝም።»

ሙሉዬ ባሏን አየችው። ቢተው ሽታዬን አየ።

«የእጇን ሥራ አይተዋል» አለች ሽታዬ። «ከዚያ በላይ እኔ የምለው የለኝም።»

ቢተው ለአፍታ የፈረሰውን ልስን አየ። ከዚያ ወደ አጥሩ ሄደና የዳልቻን ገመድ ፈታ፤ ጫፉንም ለየሽዋስ አስጨበጠው። «በግራ በኩል ቁምለት» አለው፣ «በቀኝ ከመጣህበት አይወድም።»

ማሬ አልሰማቻቸውም። ወደ ግድግዳው ዞራለች። እንግዶቹ የቀሩትንም ቋሚዎች ሳይሸፈኑ አይተዋቸው እንዲሄዱ፣ ትናንት የለሰነችውን በሁለት እጇ ማርገፍ ጀመረች።